ጃርትና ባለ ሺህ ጊጋው ሜሞሪ

ተረቴን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ጆሮ የሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ!

ድሮ ነው። ያን ያህል ድሮ ግን አይደለም። አውሬው ሁሉ አፍ ነበረው፣ ዕቃውም ሁሉ አፍ ነበረው፣ ሞባይልም ሳይደውሉለት ያወራ ነበር። በዚያን ጊዜ ከአንድ ገደል ሥር፣ ፏፏቴ አጠገብ፣ እትዬ እሾሂት የምትባል ጃርት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ ሁለት ልጆች አሏት። ጉድጓዷን በገዛ ጥፍሯ ነው የቆፈረችው። ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ለመኝታ፣ አንዱ ለሥራ ሥር ማስቀመጫ፣ አንዱ ለእንግዳ።

እትዬ እሾሂት አንድ ሞባይል ነበራት። ሞባይሉ አርጅቷል። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ጀርባው በሙጫ ተጣብቋል። አፉ ግን አላረጀም። ዓይኑን ሲገልጥ ወሬ፣ ዓይኑን ሲከድን ወሬ፤ ወሬው ደግሞ ስለ ሌሎች ሞባይሎች ብቻ።

«እመቤቴ፣ ሰማሽ ወይ? አዲስ ስልክ ወጣ! አራት ዓይን አለው፤ አራቱም ጀርባው ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ፊት ለፊቱን በምን ያያል?» ትለዋለች ጎደሬዋን እየላጠች።

«እመቤቴ፣ ሰማሽ ወይ? ሌላ ደግሞ ወጣ! እንደ ቅጠል ይታጠፋል።»

«የኔው ሳይታጠፍም ተሰነጠቀ።»

«እመቤቴ፣ ሰማሽ ወይ? የዘንድሮዎቹ የሜሞሪ ቀዳዳ የላቸውም!»

«ፎቶውን የት ያስቀምጡታል ታዲያ?»

«ደመና ላይ ነው አሉ።»

ጃርት ወደ ሰማይ ቀና አለች። «ክረምት ሲገባስ? የኔ ፎቶ ማን ደጅ ላይ ሊዘንብ ነው?» አለች። ልጆቿ በሳቅ ተንከባለሉ። ሞባይሉ ተቀየመና መስታወቱን አጨለመ።

በሞባይሉ ጎን፣ ከቀዳዳው ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ሜሞሪ ነበረች። ባለ ስምንት ጊጋ ናት። ቁመቷ ጥፍር ቢያህል ነው። ሞባይሉ «ስምንቴ» እያለ ይንቃታል። «አንቺ ፎቶ እስክታወጪ እኔ አንድ እንቅልፍ ተኝቼ እነሳለሁ» ይላታል። እሷ ግን የሰጧትን ትይዛለች፤ ሲጠይቋት ታወጣለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

ከዕለታት በአንዱ፣ በበጋ፣ አያ ጅቦ እያነከሰ መጣ።

«እትዬ እሾሂት፣ እህቴ፣ እግሬን ስንጥር ገብቶበታል፣ ፀሐዩም አናቴን በላው። የእንግዳ ክፍልሽን አውሺኝ። ዝናብ ሲጥል ወደ ቆላ፣ ወደ ወንድሞቼ እወርዳለሁ።»

ጃርት አዘነችለት። የጅቦ ስም ግን በአካባቢው ጥሩ አልነበረም። ስለዚህ «እሺ አያ ጅቦ፤ ግን ማልልኝ፣ እኔም ልቅረፅህ» አለችው።

ጅቦ መቀረፅ ይወዳል። ጋማውን በመዳፉ አስተኛ፣ ምራቁን ዋጥ አደረገ። «የትኛው ጎኔ ያምራል?» ብሎም ጠየቀ። ከዚያ ማለ። «እኔ ጅቦ፣ ይህ ጉድጓድ የእትዬ እሾሂት መሆኑን አውቃለሁ። የመጀመሪያው ዝናብ መሬት ሲነካ ወጥቼ እሄዳለሁ። ባልሄድ ጥርሴ ይርገፍ!»

ስምንቴ ያዘችው።

በመጀመሪያው ወር ጅቦ በእንግዳው ክፍል ተቀመጠ። በሁለተኛው ወር የእንግዳው ክፍል በአጥንት ሞላበትና ወደ ሥራ ሥሩ ክፍል ተሻገረ። በሦስተኛው ወር «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ከመኝታው ተጋደመ። ጃርትና ልጆቿ ደጃፉ ላይ ማደር ጀመሩ።

ዝናቡ ጣለ።

«አያ ጅቦ፣ ዝናቡ መሬት ነካ።»

«የምን ዝናብ? ጤዛ ነው።»

በማግስቱ ባሰ። «አያ ጅቦ፣ ዛሬስ?»

«ፏፏቴው ነው የተረጨው።»

በሦስተኛው ቀን ጎርፍ ወረደ። ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እየጎተተ ወረደ። ጃርት ጆሮዋ ድረስ ርሳ «አያ ጅቦ!» ብላ ስትጣራ፣ ጅቦ አንገቱን አወጣና «ይህ ጉድጓድ የአባቴ ነው! ልጆችሽን ከደጄ አንሺ!» አላት።

የጃርት ልጆች እሾሃቸው ገና ለስላሳ ነበር፤ ውኃውን አያንጠባጥብም፣ ይመጠዋል። ትንሹ ማሳል ጀመረ። እሷም ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ በራሷ ላይ ተናደደች። ያበሸቃት ጅቦ መዋሸቱ አልነበረም፤ ገና ሲያነክስ እያየች ስንጥሩን አሳየኝ አለማለቷ ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ አባ ኤሊ ሄደች። አባ ኤሊ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ለመነሳት ግማሽ ቀን፣ ለመፍረድ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።

«አባ፣ ጅቦ ምሎልኝ ካደኝ። ሲምል ቀርጬዋለሁ፤ ሞባይሌ ምስክሬ ነው።»

«ልጄ፣ ሞባይል ያየውንም ያላየውንም ያወራል፤ እሱን አንሰማም። ሲምል የሚያሳየውን ቪዲዮ አምጪ። ቅዳሜ፣ ዋርካው ሥር።»

ሞባይሉ ይህን ሲሰማ አበደ። መንገዱን ሙሉ ሲጮህ መጣ። «ያየውንም ያላየውንም? እኔ? ቪዲዮው እንደሆነ ስምንቴ ላይ ነው! የእኔማ ሆድ ሞልቷል፣ አንዲት ፎቶ አይጨምርም! ከስምንቴ በቀር ሌላ የትም የለም!»

«ኧረ ቀስ በል፣ ደርሰናል!» አለችው ጃርት። አልሰማትም። ከጉድጓዱ ውስጥ ግን ሁለት ትላልቅ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

በነጋታው ቀበሮ መጣ። ቀበሮ ነጋዴ ነው፤ ቦርሳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል። «ቻርጀር አለ! ኬብል አለ! ማዳመጫ አለ! ሜሞሪ አለ!»

«ሜሞሪ!» ብሎ ሞባይሉ ተንሰፈሰፈ። «እመቤቴ፣ ሜሞሪ አለው!»

ቀበሮ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሦስት ሜሞሪዎች ደረደረ። «እትዬ እሾሂት፣ አወዳድሪና ምረጪ» አላት።

ጃርት ጎንበስ ብላ የመጀመሪያዋን አየቻት። «አንቺ ስንት ትይዣለሽ?»

«ሠላሳ ሁለት ጊጋ ነኝ» አለች ሜሞሪዋ እያፈረች። «እርግጥ ጥቂቱ ለራሴ ጓዳ ይሄዳል። ሃያ ዘጠኝ ብትይኝ አልቀየምም።»

«አንተስ?» አለች ሁለተኛውን።

«መቶ ሃያ ስምንት ነኝ ደግሞም ፈጣን ነኝ በጣም ፈጣን ነኝ ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ቪዲዮው ገብቶ ያልቃል!» አለ ትንፋሽ ሳይወስድ። ከዚያ ሞባይሉን ከላይ እስከ ታች አየውና «ከዚህ ሽማግሌ ጋር ከሆነ ግን እኔም በእሱ እርምጃ ነው የምሄደው» አለ።

«ማነው ሽማግሌ?» አለ ሞባይሉ።

ሦስተኛው ወርቃማ ነበር። ሳይጠይቁት ጀመረ። «እኔ ሺህ ጊጋ ነኝ! ይህን ጫካ ከነቅጠሉ፣ ወንዙን ከነዓሣው፣ ሰማዩን ከነኮከቡ ብታስገቢብኝ ገና ‹ሌላስ?› እላለሁ!»

ሞባይሉ ሊስመው ምንም አልቀረው። ቀበሮም ድምፁን አለስልሶ «እትዬ፣ ይህኛውን ለአንቺ በነፃ። መበለት ነሽ፣ ልጆች አሉሽ። ያለሽን ሁሉ ወደ እሱ ገልብጪና ያቺን አሮጌዋን ብቻ ስጪኝ፤ ልውውጥ ይሁን» አላት።

ጃርት ወርቃማውን እያገላበጠች አሰበች። ስንጥሩን ሳታይ አንድ ጊዜ ተታልላለች። «ደግ ነህ ወንድሜ። መገልበጡ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ ጥላ ሥር አረፍ በል» አለችው። ቀበሮ ጋደም አለ። ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረ።

ጃርት ሞባይሉ ሳያይ ስምንቴን አውጥታ በእሾኋ ሥር ሸጎጠቻት። አንድም ነገር አልገለበጠችም። ባለ ሺሁን ወደ ሞባይሉ አስገባችና «እስኪ እንየው» አለች።

«ሺህ ነው እመቤቴ!» አለ ሞባይሉ። «ራሱ ነው የነገረኝ!»

በመጀመሪያ ደጃፏ ላይ የሚሰለፉትን ጉንዳኖች ቀረፀች። ቀጥላ ፏፏቴውን ቀረፀች፤ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ድረስ ክንዷ እየዛለ ቀረፀችው። በመጨረሻ የቀበሮን ማንኮራፋት ቀረፀች። ከዚያ ባለ ሺሁን ጠየቀችው።

«ቀበሮ ሲያንኮራፋ አሳየኝ።»

«ይኸውልሽ!» አለ ባለ ሺህ፤ ቀበሮ እንዳለ ከነለሃጩ ወጣ።

«ጉንዳኖቹን አሳየኝ።»

«የምን ጉንዳን?»

«በመጀመሪያ የሰጠሁህን።»

«አ... ጉንዳን! ቆይ እንግዲህ። ቀበሮውን ልድገምልሽ?»

«ጉንዳኖቹን።»

«ጉንዳን እኮ ትንሽ ነገር ነው፤ እኔ ትልቅ ትልቁን ነው የምይዘው» አለ። መስታወቱ ላይ የጉንዳኖቹ ስም ነበረ፤ ጉንዳኖቹ ግን አልነበሩም። ስትከፍተው አመድ የመሰለ ግራጫ ብቻ ወጣ።

ባለ ሠላሳ ሁለቷ ከድንጋዩ ላይ ሆና በሹክሹክታ ተናገረች። «እትዬ፣ እሱ እኮ ሺህ አይደለም፤ ስምንት እንኳ አይሞላም። አዲስ ሲመጣበት አሮጌውን ረግጦ ነው የሚያስቀምጠው።»

ባለ ሺህ ተቆጣ። «እኔን እንደ ተራ ዕቃ! እኔ እኮ አያ ጅቦ ራሱ ሦስት አጥንት ከፍሎ የላከኝ ነኝ!» አለና ወዲያው ደነገጠ። «ማለቴ... አልተባለም።»

ጃርት እሾኋ ሁሉ ቆመ። ለትንሽ ጊዜ ፍርሃት ያዛት፤ ቀጥሎ ግን ሳቅ ያዛት። መሬት ላይ ስትፈልግ አንድ የጥንዚዛ ክንፍ አገኘች፤ ጥቁር ነው፣ ጥፍር ያህላል። በኮባ ቅጠል ጠቀለለችው፣ በሣር አሰረችው።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ ተነስ፤ ተገልብጧል። ያቺ አሮጌዋ ይቻትልህ» አለችው።

ቀበሮ ጥቅሉን ነጠቀ፣ ሁለቱን ሜሞሪዎች ቦርሳው ውስጥ ወረወረ፣ ሮጠ። ከጉድጓዱ ጀርባ ይጠብቀው ለነበረው ጅቦ ሰጠው። ጅብ የሰጡትን መች ያያል? ከነቅጠሉ አኝኮ ዋጠው። ከንፈሩን ላሰና «ሜሞሪ ጥንዚዛ ጥንዚዛ ይላል» አለ።

ሞባይሉ ስምንቴን አጥቶ ማልቀስ ጀመረ። ጃርት አልነገረችውም። እንዴት ትንገረው? አፉን ታውቀዋለች። «ሄደች» ብቻ አለችው።

ቅዳሜ ደረሰ። ከዋርካው ሥር ከርከሮው፣ ዝንጀሮው፣ ሚዳቋዋ፣ ወፉ ሁሉ ተሰበሰበ። ቀበሮም ከኋላ ቆሞ ያይ ነበር። አባ ኤሊ አንገታቸውን አወጡ። ጅቦ ጥጋብ በጥጋብ ሆኖ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«አባ» አለች ጃርት፣ «ዛሬ የሚባለውን ሁሉ ለማስታወሻ ልቅረፀው?»

«ቅረፂ» አሉ። ባለ ሺህ ሥራውን ጀመረ።

«ጅቦ፣ ዝናብ ሲጥል እለቅልሻለሁ ብለህ ምለሃል ወይ?»

«አልማልኩም!»

«ልጄ፣ ቪዲዮው የት አለ?»

ጃርት ሞባይሏን ነካ ነካ አደረገች። «አባ፣ እየፈለግሁት ነው፤ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«የለም!» ብሎ ሞባይሉ በዋይታ ፈነዳ። «አባ፣ የለም! ሁሉም ባዶ ነው! ጠፋን እኮ!»

ጅቦ ልቡ አበጠ። ተነስቶ ቆመ። «ምዬ ከሆነ ጉድጓዱን አሁኑኑ ልልቀቅ!» አለ።

«ሁለተኛ ልጠይቅህ፤ ምለሃል ወይ?»

ጃርት አሁንም ጎንበስ ብላ ትነካካለች። ሞባይሉ አሁንም ያለቅሳል። ጅቦ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ምዬ ከሆነ በገዛ ጥፍሬ ሌላ ክፍል ልቆፍርላት! ሁለት ክፍል!»

«ሦስተኛ ልጠይቅህ።»

«ምዬ ከሆነ» ብሎ ጮኸ ጅቦ፣ ደስታው ጋማውን አስቁሞት፣ «ክረምቱን ሙሉ ደጇ ላይ ተኝቼ ዝናቡን በጀርባዬ ልከልክልላት! ሕዝቡ ሁሉ ይስማኝ!»

«ሰምተናል» አለ ሕዝቡ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ጃርት። ቀስ ብላ ባለ ሺሁን አወጣችው። ከዚያ መዳፏን ወደ ኋላ ሰድዳ ከእሾኋ ሥር ስምንቴን መዘዘች።

ሞባይሉ ዋይታውን አቋረጠ። «ስምንቴ!» አለ። «አንቺ! ግቢ፣ ግቢ፣ ቶሎ ግቢ!»

ስምንቴ ገባች። እንደ ልማዷ ቀስ አለች፤ ሕዝቡ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ጅቦ ከተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ብቅ አለ፣ ጋማውን አስተኛ፣ «የትኛው ጎኔ ያምራል?» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። «ይህ ጉድጓድ የእትዬ እሾሂት መሆኑን አውቃለሁ...» እስከ «ጥርሴ ይርገፍ» ድረስ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል ተሰማ።

ጅቦ ዓይኑ ፈጠጠ። «ውሸት ነው! ያ እኔ አይደለሁም! ዘንድሮ ሞባይል የሌለ ፊት ይፈጥራል፤ ይኸው ሞባይል ራሱ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ!»

አባ ኤሊ አመነቱ። እንዲህ ያለ ወሬ እሳቸውም ሰምተዋል። አንገታቸውን ወደ ቅርፊታቸው መለስ አደረጉ። ትንሹ ልጇ ከጎኗ ሆኖ ሲያስል ጃርት ሰማችው።

ይሄን ጊዜ ጅቦ ዝም ቢል ኖሮ ያመልጥ ነበር። ግን ጅብ ዝም ማለት መች ያውቃል? «ደግሞስ ከየት አመጣችው?» ብሎ ቀጠለ። «እንዴት ይሆናል? ሜሞሪዋን እኮ በጥርሴ ፈጭቼ ውጫታለሁ!»

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ወፉ እንኳ ቅርንጫፍ ወርዶ ተጠጋ።

አባ ኤሊ አንገታቸውን እስከ መጨረሻው አወጡ። «የቷን ሜሞሪ ነው የዋጥከው ልጄ?»

«ያቺን... ቀበሮ በቅጠል ጠቅልሎ...» አለና ቆመ። ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው ቀበሮን አዩት። ቀበሮ ቦርሳውን እያስተካከለ ነበር።

«የዋጥከው ጥንዚዛ ነው አያ ጅቦ» አለች ጃርት። «ጤና ይስጥህ።»

ሳቁን ገደሉ አስተጋባው። ዝንጀሮው ከቅርንጫፉ ወደቀ። አባ ኤሊ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና «ጉድጓዱ የእሾሂት ነው። ጅቦም ሦስቱን ቃሉን ይፈጽማል» አሉ።

«የምን ሦስት ቃል?» አለ ጅቦ። «እኔ ዛሬ ምንም አልማልኩም!»

«እኔ ጋ አለ!» የሚል ድምፅ ከጃርት መዳፍ ላይ ተሰማ። ባለ ሺህ ነበር። ኩራቱ ሊያፈነዳው ደርሷል። «ድሮውን አትጠይቁኝ፤ የዛሬውን ግን አንድም አላፈሰስኩም! አስገቡኝ!»

አስገቡት። ጅቦ ሦስት ጊዜ ሲምል ሦስት ጊዜ ታየ። ከፍሎ የላከው ዕቃ መሰከረበት።

ቀበሮ ሊሹለከለክ ሲል ከርከሮው መንገዱን ዘጋበት። ለመቀጫ ባለ ሠላሳ ሁለቷን ለጃርት ሰጥቶ እንዲሄድ ተፈረደበት። እሱም ሰጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር «ሜሞሪ አለ» ሲል የሰማው የለም።

ጅቦ አጥንቱን ተሸክሞ ወጣ። በጥፍሩ ሁለት ክፍል ቆፈረ፤ እያጉረመረመ፣ አፈር እየተፋ ቆፈረ። ክረምቱን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተጋደመ፤ ዝናቡ በጀርባው ላይ ወረደ። ጃርት አንዳንድ ቀን ጎደሬ ትወረውርለት ነበር፤ እሱም ፊቱን አዙሮ ይበላዋል። ትንሹ ልጇ ሳሉ ተወው። ሞባይሉም ባለ ሠላሳ ሁለቷን ይዞ፣ ለስምንቴ ከጎኑ ለስላሳ ሥፍራ ለቅቆ፣ ለጥቂት ቀን ጨዋ ሆነ። ከዚያ «እመቤቴ፣ ሰማሽ ወይ?» አለ፤ መቼ ይተዋል!

እንግዲህ ልጆቼ፣ «ሁሉን እይዛለሁ» የሚላችሁ ሲመጣ ስንት ትይዛለህ ብላችሁ አትድከሙ። በመጀመሪያ የሰጣችሁትን መልሶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ካሳያችሁ እመኑት፣ ካላሳያችሁ ቦርሳውን ይዞ ይሂድ።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀች፤ እኔ አፌን ልዝጋ፣ እናንተ ለሌላ ክፈቱ።